ዝግጁ ኮድ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ስሙን እንኳ ሳይቀይሩ ማስረከብ ግን ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ በዚሁ የደብዳቤ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ዌብሳይት ሠሪዎች የጻፉትን አነበብኩ። ለንግዳቸው ዌብሳይት አሠርተዋል። ሥራውን ለአንድ የዘመድ ልጅ ቢያሳዩት «ይሄ እኮ ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ኮድ ነው» አላቸው፣ እሳቸውም ተናደዱ። መናደዳቸው አይገርመኝም። ብር ከፍሎ «ኮፒ ፔስት ነው የተሸጠልህ» መባል ማንንም ያበግናል። ግን ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል ሁላችንንም ሌባ አድርገውን ቁጭ አሉ። እኔ በዚህ ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እቅጩን ልናገር። አዎ፣ ዝግጁ መነሻ ኮድ እንጠቀማለን። እኔ እጠቀማለሁ፣ ጎበዝ የምላቸው የሙያ ጓደኞቼም ይጠቀማሉ። «ሁሉንም ነገር ከባዶ ነው የምጽፈው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ወይ ገና ጀማሪ ነው ወይ ደግሞ ለባከነው ሰዓት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ጥፋት የለም አላልኩም። ጥፋትማ ሞልቷል፤ ጸሐፊው ጣታቸውን የቀሰሩት ግን ጥፋት ወደሌለበት ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ዎርድፕረስ ዌብሳይት የሚሠራበት ነጻ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማት ሙለንወግ የተባለ አሜሪካዊና ማይክ ሊትል የተባለ እንግሊዛዊ አወጡት። እነሱም ቢሆኑ ከባዶ አልጀመሩም። ቢ2 የሚባል፣ ሥራው የቆመ የብሎግ ሶፍትዌር ነበረ፣ እሱን ወስደው ነው የቀጠሉት (እንግዲህ ገልባጭ የሚባል ካለ ስድቡ ከነሱ ይጀምር)። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላዩ የሚሠራው በዎርድፕረስ ነው። ጋዜጣው፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ ልብስ መሸጫው እዚያ ውስጥ ነው።

ዎርድፕረስ ብቻውን ግን ሁሉን አያደርግም። ክፍያ መቀበል፣ ቀጠሮ ማስያዝ፣ ገጹን በሁለት ቋንቋ ማሳየት ሲፈለግ ፕለጊን የሚባል ተቀጥላ ኮድ ይጨመርበታል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የመጣው። አሁን በራሱ በዎርድፕረስ ማውጫ ላይ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ነጻ ፕለጊኖች አሉ። የምትፈልጉት ነገር ከነዚያ ውስጥ ካልተገኘ፣ ወይም ሥራው የእናንተ ድርጅት ብቻ የሚሠራበት ዓይነት ከሆነ፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ይጠራና ይጽፈዋል።

ፕለጊን መጻፍ ራሱ ከባድ አይደለም። አንድ ፋይል ይበቃል። ከላይ ስሙን የሚናገር ማስታወሻ ይጻፍበታል፣ ከሥሩ ኮዱ ይከተላል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ሲያድግ ነው። ደንበኛው «እስቲ ሪፖርትም ይኑረው» ይላል፣ ቀጥሎ «ለሠራተኞቼ የራሳቸው ገጽ»፣ ቀጥሎ «በኤስኤምኤስም ይድረሰኝ» ይላል፣ ያቺ አንድ ፋይል እያበጠች ሄዳ ከጻፋት ሰው በስተቀር ማንም የማይገባት ጫካ ትሆናለች። ደግሞ የጻፋትም ሰው ቢሆን ከወራት በኋላ ሲመለስባት ጭንቅላቱን ይይዛል።

ዎርድፕረስ ፕለጊን ቦይለርፕሌት የሚባለው መነሻ ኮድ የመጣው ለዚህ ነው። ቶም ማክፋርሊን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2011 ጀመረው። ከዚያ ብዙ ሰው እጁን ጨመረበት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ደግሞ ዴቪን ቪንሰን ለሚባል ሌላ ባለሙያ አስረከበው። እዚች ላይ ቆም በሉልኝ። ሰውዬው ሥራውን አስረከበ፣ ሥራው ግን አልሞተም። ተረካቢው ፎልደሩን ሲከፍት የቱ የት እንዳለ ያውቃል። የዚህ ኮድ ጥቅም ባጭሩ እሱ ነው።

ውስጡ ምን አለ? ከፍታችሁ ብታዩት ምንም የሚሠራ ነገር የለውም። ዌብሳይታችሁ ላይ ብትጭኑት አንዲት ቁልፍ እንኳ አትጨምርም። አጽም ነው። አድሚን የሚባል ፎልደር አለ፣ የዌብሳይቱ አስተዳዳሪ ብቻ የሚያየው ነገር እዚያ ይገባል። ፐብሊክ የሚባል አለ፣ ጎብኚው የሚያየው እዚያ ይገባል። ኢንክሉድስ የሚባለው ሁለቱም የሚጋሩት ነው። ላንጉጅስ ትርጉም የሚቀመጥበት ነው። ከነዚህ ውጭ ፕለጊኑ ከዌብሳይቱ ሲሰረዝ ብቻ የሚሠራ አንኢንስቶል የሚባል ፋይል አለ። በአብዛኞቹ ዋና ፎልደሮች ውስጥ ደግሞ ባዶ ማለት ይቻላል የሆነ ኢንዴክስ ፋይል ተቀምጧል፤ ሥራው ሰርቨሩ የፎልደሩን ይዘት ለአላፊ አግዳሚው ዘርዝሮ እንዳያሳይ መከልከል ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤት አስቡት። ሲያስረክቧችሁ ግድግዳ ነው፣ ቀለሙን፣ ሴራሚኩን፣ የኩሽና ቁም ሳጥኑን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ፤ ግን የውሃ መስመሩ በየፎቁ አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ቧንቧ ሠሪው ቤታችሁን ባያውቀውም ሰተት ብሎ ገብቶ መዝጊያውን ያገኘዋል። የማንም ሰው ቤት ግን የጎረቤቱ ግልባጭ ነው አይባልም።

ከዚህ አጽም ውስጥ እኔ በጣም የምወዳት ሎደር የምትባለዋን ክፍል ነው። ፕለጊን ከዎርድፕረስ ጋር የሚነጋገረው በሁክ ነው። «ገጹ ሲከፈት ይቺን አድርግልኝ»፣ «ጽሑፉ ሳይታይ በፊት በዚህ በኩል አሳልፈህ ቀይርልኝ» ብሎ ያስመዘግባል። ሰው እንደመጣለት ሲጽፍ እነዚህን ምዝገባዎች በየፋይሉ ይበትናቸዋል፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። በዚህ አጽም ግን ሁሉም አንድ ፋይል ላይ በሁለት ቦታ ይሰበሰባሉ፤ የአስተዳዳሪው በአንድ በኩል፣ የጎብኚው በሌላ። አዲስ የመጣ ሰው እነዚያን ሁለት ቦታዎች ካነበበ ፕለጊኑ ዌብሳይቱን የት የት እንደሚነካ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ያውቃል።

ይሄ እኛ አገር ከየትም በላይ ያስፈልጋል እላለሁ። ለምን? ዌብሳይት ሠሪ እዚህ ከተማ አይበረክትም። የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፣ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ለውጭ ኩባንያ በርቀት መሥራት ይጀምርና የሰፈሩን ሥራ ይተዋል። አይፈረድበትም። ባለሱቁ ግን ከነዌብሳይቱ እዚሁ ነው። ስልክ ይደውላል፣ አይነሳም። ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል።

አንድ ደንበኛዬን ልንገራችሁ። ዕቃ የሚሸጥበት ዌብሳይት አለው። ከሱ በፊት የነበረው ሠሪ የክፍያውን ኮድ በሙሉ የከተተው ፋንክሽንስ በሚባለው የቲሙ ፋይል ውስጥ ነው። ቲም ማለት የዌብሳይቱ መልክ ነው፣ ልብሱ በሉት። እና አንድ ቀን ባለሱቁ ዳሽቦርዱ (የአስተዳዳሪው ገጽ) ላይ «አዲስ ስሪት መጥቷል፣ አፕዴት ያድርጉ» የሚል አየ፣ ነካው። አዲሱ ቲም አሮጌውን ደመሰሰው፣ የክፍያው ኮድም አብሮ ሄደ። ደንበኞቹ ዕቃ ቅርጫት ውስጥ ያስገባሉ፣ መክፈያው የለም። ባለሱቁ ምን አጠፋ? አፕዴት ማድረግማ ትክክል ነው፣ አለማድረግ ነው የሚያስጠልፈው። ኮዱ በራሱ ፕለጊን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቲሙ አሥር ጊዜ ቢቀየር አይነካውም ነበር። ያ ሠሪ ደግሞ ምንም ነገር አልገለበጠም፣ ሁሉንም በራሱ እጅ ነው የጻፈው። የራሱ የፈጠራ ሥራ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ እውነተኛው ነውር ልምጣ። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

አጽሙ ሲወርድ ስሙ «ፕለጊን ኔም» ነው። ያንን ወደ ራስህ ስም መቀየር አለብህ። ቀላል ይመስላል እንጂ ስሙ በተለያየ አጻጻፍ ነው ያለው፦ በትንንሽ ፊደል ከሰረዝ ጋር፣ በትንንሽ ፊደል ከታች ሰረዝ ጋር፣ በትልልቅ መነሻ ፊደል፣ ሙሉ በሙሉ በትልቅ ፊደል። የፋይሎቹ ስምም ይቀየራል። አንዷን ከረሳህ ወይ «ይህ ክላስ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል፣ ወይ ደግሞ የባሰው ነገር ይመጣል፣ ለጊዜው ይሠራል።

ለጊዜው ሲሠራ እንዴት ነው የባሰ? አንዱ ሰነፍ ሠሪ ዋናውን ስም ቀይሮ «አክቲቬት ፕለጊን ኔም» የምትለዋን ፋንክሽን (ስም ያላት፣ አንድ ሥራ የምትሠራ የኮድ ቁራጭ) እንዳለች ተዋት እንበል። ፕለጊኑ ይሠራል፣ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰነፍ ይመጣና ለዚያው ዌብሳይት ሌላ ፕለጊን ከዚያው አጽም ይሠራል፣ እሱም ያችኑ ፋንክሽን ሳይቀይር ይተዋታል። ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋንክሽኖች አንድ ላይ አይቀበልም። ሁለተኛውን ፕለጊን ላብራ ስትሉ «ከባድ ስህተት ስለተፈጠረ ማብራት አልተቻለም» ይላችኋል። እንዲህ ዓይነት ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱ ሠሪዎች አይተዋወቁም፣ ሁለቱም «የኔ ኮድ ችግር የለበትም» ይላሉ፣ ባለቤቱ መሃል ላይ ቆሞ አንዱን ከሌላው እያስታረቀ ነው።

ይህንን ለማወቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልጋችሁም። ዳሽቦርዳችሁ ላይ ፕለጊን የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ያሠራችሁትን ፈልጉ። ከስሙ አጠገብ አጭር ማብራሪያ አለ፣ ከሥሩ የሠሪው ስም አለ። ማብራሪያው ቦታ ላይ «ይህ ፕለጊኑ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ አጭር መግለጫ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ የሠሪው ቦታ ላይ ደግሞ «የእርስዎ ስም ወይም የድርጅትዎ ስም» የሚል ካገኛችሁ፣ ሰውዬው አጽሙን አውርዶ ከላይ ያለችውን እንኳ አላነበበም ማለት ነው። ያኔ ተናደዱ። ያኔ እኔም አብሬያችሁ እናደዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያላነበበ ሰው መሃሉን አንብቦታል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያምታታው ማጥፋትና መሰረዝ ነው። አጽሙ ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ዲአክቲቬተር የሚባለው ፕለጊኑ ለጊዜው ሲጠፋ የሚሠራ ነው። አንኢንስቶል የሚባለው ጨርሶ ሲሰረዝ ነው። ዳታ የሚሰርዝ ኮድ ሁለተኛው ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ሳያስተውል መጀመሪያው ውስጥ የሚጽፍ አለ። ከዚያ ባለቤቱ ዌብሳይቱ ሲንቀራፈፍበት «እስቲ ይቺን ፕለጊን ላጥፋትና ልየው» ብሎ ያጠፋታል፣ መልሶ ሲያበራት የትዕዛዝ መዝገቡ ድራሹ የለም። ሌላው ጽንፍ ደግሞ አንኢንስቶል ፋይሉን ባዶውን መተው ነው፤ ሲወርድ ከጥበቃ መስመሩ በቀር ባዶ ስለሆነ ብዙው ሰው እንዳለ ይተወዋል። ፕለጊኑ ከሄደ ከዓመታት በኋላም የደንበኞች ስምና ስልክ ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ባለቤቱ አያውቅም።

ደህንነትን በተመለከተ አጽሙ ብዙ አይረዳም፣ ይሄንንም ልደብቅ አልፈልግም። አንድ ሰው ፋይሉን በቀጥታ በሊንክ ልክፈት ቢል የምትከለክል መስመር ዋናው ፋይል ላይ አለች፣ ያን ያህል ነው። ቀሪው የሠሪው ሥራ ነው። ፎርሙ የተላከው በእርግጥ ከራሱ ዌብሳይት መሆኑን ኖንስ በሚባል መለያ ኮድ ማረጋገጥ፣ ቁልፉን የተጫነው ሰው ያንን ለማድረግ ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ፣ ጎብኚ የጻፈውን ነገር ሳያጸዱ ዳታቤዝ ውስጥ አለማስገባት፣ መልሶ ገጽ ላይ ሲያሳዩትም እንደገና ማጽዳት። ዎርድፕረስ ለነዚህ ሁሉ የተዘጋጀ ፋንክሽን አለው፣ መጥራት ብቻ ነው። አለመጥራት ነው ሰው የሚያስጠልፈው። ፎልደሩ ያማረ ስለሆነ ብቻ ኮዱ አስተማማኝ ነው ብሎ የሚያስብ ሠሪ አለ፣ ከባዶ ከሚጀምረው ይልቅ እሱ ያስፈራኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የአማርኛው ጉዳይ ነው። አጽሙ የተሠራው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ነው። ለትርጉም ቦታ አዘጋጅቷል፣ ያ ጥሩ ነው። ሠሪው ገጹ ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ቃል በትርጉም ፋንክሽን ውስጥ ካስገባው ነገ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም ሌላ ሰው ኮዱን ሳይነካ ሊጨምርበት ይችላል። የኛ ሠሪዎች ግን አማርኛውን በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ከፍቶ ሁለተኛ ቋንቋ ሲፈልግ ኮዱ ከላይ እስከ ታች ይታረሳል።

ትርጉም ብቻውን ግን አይበቃም። ሊንክን ውሰዱ። ዎርድፕረስ ከርዕሱ ተነስቶ ሊንክ ይሠራል፣ ለዚያ የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ምልክት ይወስዳል። አንድ የኛ ፊደል ግን ወደ ፐርሰንትና ቁጥር ሲለወጥ 9 ምልክት ይበላል። ስለዚህ 22 ፊደል ላይ አበቃ። «የአዲስ አበባ የውሃ አቅርቦት ችግር ዛሬም አልተፈታም» የሚል ርዕስ ብትሰጡት ሊንኩ «ዛሬም» ላይ ይቆረጣል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የሚቆረጠው ዋናው ነገር ነው፤ ተፈታ ይሁን አልተፈታ ሊንኩ አይናገርም። ሁለት ዜናዎች እስከ ግሱ ድረስ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለተኛው ሊንክ ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍማ ያንን የፐርሰንት ሰልፍ አይታችሁታል።

ፍለጋውም እንደዚያው ነው። ጋዜጠኛው «ፀሐይ» ብሎ ጽፏል፣ አንባቢው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፣ ዎርድፕረስ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለሱ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። አንባቢው «ዜናው የለም» ብሎ ይሄዳል፣ ዜናው ግን አለ። ይህንን የሚያስተካክል ፕለጊን ለመጻፍ ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ጽሑፉ ሲቀመጥ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ሁለተኛ ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ማስቀመጥ፣ አንባቢው የጻፈውንም በዚያው መንገድ አሳልፎ መፈለግ ነው። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም፣ ፊደላችንን አጠፋህ የሚለኝም አይኖርም።

ቀኑስ? ዎርድፕረስ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። አንዳንዱ ሠሪ ከዓመቱ ላይ ስምንት ቀንሶ «ኢትዮጵያዊ አደረግሁት» ይላል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት መሆኑን የረሳ ነው፤ ጳጉሜንንም ከናካቴው አያውቃትም። የሚገርመው ነገር ደግሞ ፒኤችፒ ውስጥ ኢንትል የሚባል ክፍል አለ፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ ያውቃል። ሆስቲንጉ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ሰርቨር) ላይ ያ ክፍል ሥራ ላይ መሆኑን ማየትና መጥራት ብቻ ነው የሚፈለገው።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኼ ነው። ያ አጽም ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ ነው የወጣው። ውሰዱት፣ ቀይሩት፣ መልሳችሁ አካፍሉት ይላል። ታዲያ ሊንኩን፣ ፍለጋውን፣ ቀኑን፣ የስልክ ቁጥር አጻጻፉን አንድ ጊዜ አስተካክለን የኛን አጽም ለምን አናወጣም? እያንዳንዱ ሠሪ ይህችኑ የቀን ኮድ ለየደንበኛው እንደ አዲስ እየጻፈ፣ እያንዳንዱም በየራሱ ስህተት፣ ደንበኛውም ለያንዳንዱ ስህተት እየከፈለ እስከ መቼ? ቴሌብርን ወይም ሌላ የአገር ውስጥ ክፍያን ከሱቅ ጋር ማገናኘትም እንዲሁ ነው፣ ሁላችንም ያንኑ ጉድጓድ ለየብቻ እንቆፍራለን። በየኮሌጁ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሆን ርዕስ ጠፋ ይባላል፣ ይኸው ርዕስ።

ለሁሉም ሥራ ይህን አጽም ተጠቀሙ አልልም። ከገጹ ግርጌ አንዲት የስልክ ቁልፍ ለመጨመር ያን ሁሉ ፎልደር መዘርጋት ለሁለት ሰው ድንኳን መጣል ነው፣ አንድ ፋይል ይበቃል። ደግሞም አጽሙ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የብሎክ ኤዲተር (ገጽን ብሎክ በሚባሉ ቁርጥራጮች እየገጣጠሙ የሚሠሩበት) ከመምጣቱ በፊት ነው። ብሎክ ለመሥራት ዎርድፕረስ ራሱ ክሪኤት ብሎክ የሚባል ሌላ መነሻ ያቀርባል፣ እሱን መጠቀም ይሻላል። አሁን ደግሞ ኮዱን በኤአይ የሚያስጽፉ መጥተዋል። ይጻፍላቸው፣ ቅር አይለኝም፤ ግን እሱም ዝም ካሉት ሁሉንም አንድ ፋይል ላይ ያጭቀዋል፣ ስለዚህ አጽሙን አሳይታችሁ «በዚህ ልክ ጻፍልኝ» ማለት ያለባችሁ ያኔ ነው።

ለአሠሪዎች የምለው ከዚህ በኋላ ነው። «ከባዶ ነው የጻፍከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ጥያቄው ፋይዳ የለውም። ይልቅ «አንተ ብትሄድ ሌላ ሰው ይከፍተዋል ወይ?» በሉት። ኮዱ የተቀመጠው በፕለጊን ነው ወይስ ቲሙ ውስጥ? ከየትኛው መነሻ ተነሳህ? ሲሰረዝ ዳታው ምን ይሆናል? ደህና ሠሪ እነዚህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል። የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጉ። ኮዱን ቆልፎ «ሚስጥር ነው» የሚላችሁንም አትስሙት። ከጂፒኤል አጽም ተነስቶ የተሠራና ለእናንተ የተሰጠ ፕለጊን የማየትም፣ የመቀየርም፣ ለሌላ ሠሪ የማሳየትም መብት አላችሁ፣ ፈቃዱ የሚለው እንደዚያ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ጸሐፊው «የወረደ ከሆነ ለምን ያን ያህል ከፈልኩ» ብለዋል። የከፈሉት ለአጽሙ አይደለም፣ እሱ ነጻ ነው፣ ማንም ዛሬ ማታ ሊያወርደው ይችላል። የከፈሉት እላዩ ላይ ለተሠራው ነው። እላዩ ላይ የተሠራ ነገር ከሌለ ግን ገንዘባቸውን ይጠይቁ፣ እውነታቸውን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ውል ለምትዋዋሉ ሁሉ። ዶሜኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ)፣ ሆስቲንጉና ኮዱ የሚቀመጥበት የጊት አካውንት በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፣ ሠሪው እንደ ተጋባዥ ይግባበት። ኢሜይሉ ደግሞ የድርጅቱ ይሁን እንጂ ሥራ ሊለቅ የሚችል የአንድ ሠራተኛ አይሁን። ይህን በውሉ ላይ ጻፉት፣ ቅድሚያ ክፍያውን የምትሰጡትም ይሄ ከተደረገ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዌብሳይት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ